የቁራኛ ጉዞ

በቀድሞው የአገራችን የፍርድ ሥርዓት «ቁራኛ» የሚባል ነገር ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም አበዳሪና ተበዳሪ፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ በሰንሰለት ወይም በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው አብረው ይሄዳሉ። የማይዋደዱ፣ አንዳንዴም ከጉዳያቸው በፊት ጨርሶ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች አንድ መንገድ ይይዛሉ። አንዱ ሲቆም ሌላው ይቆማል፤ አንዱ ሲደክመው ሌላውም ይቀመጣል። አንዱ ገደል ቢገባ ሌላውም አይተርፍም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የባላጋራውን እግር እንደ ራሱ እግር ይጠብቃል። ይህ ግን ፍቅር አይደለም። ቋጠሮው የተፈታ ዕለት ሁለቱም ወደየቤታቸው ነው።

ቃሉን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በዚያው ዓመት በመጋቢት መቅደላ የደረሰውን የአፄ ቴዎድሮስን የመጨረሻ ጉዞ ባሰብኩ ቁጥር ከዚህ የተሻለ ስም አላገኝለትም።

የማይተዋወቁ ሰዎችን በአንድ አደገኛ መንገድ ላይ ሰብስቦ ጠባያቸውን መፈተን በዓለም ሥነ ጽሑፍና ሲኒማ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ጆን ፎርድ የተባለው አሜሪካዊ የሠራውን «ስቴጅኮች» የተባለ ፊልም ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ሰካራም ሐኪም፣ ቁማርተኛ፣ የባንክ ገንዘብ ይዞ የሚሸሽ ሰው፣ ከከተማ የተባረረች ሴተኛ አዳሪ፣ ነፍሰ ጡር የመኮንን ሚስትና ከእስር ያመለጠ ወንጀለኛ በአንድ የፈረስ ሠረገላ ታጭቀው አፓቺዎች ያመፁበትን አገር ያቋርጣሉ። በከተማ ቢሆን ሰላምታ የማይለዋወጡት በመንገድ ላይ አንዱ ለሌላው ያስፈልገዋል። የተናቀው ደግ ሆኖ ይገኛል፤ የተከበረው ሌባ። መጨረሻ ላይ ተመልካቹ የእያንዳንዳቸውን ስምና ታሪክ አውቆ ይወጣል።

የእኛው ጉዞ ግን ሲወራ የኖረው በሁለት ስም ብቻ ነው፤ ቴዎድሮስና ሴባስቶፖል። አንድ ንጉሥና አንድ መድፍ። የብርሃኑ ዘሪሁንና የአቤ ጉበኛ ልብ ወለዶች፣ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች ንጉሠ ነገሥቱን ከነብቸኝነታቸው በልባችን ቀርጸዋቸዋል። ብቸኝነታቸው እውነት ነበርና አልቃወምም። ነገር ግን ወደ ሰባት ቶን የሚመዝን መድፍ ብቻውን ተራራ አይወጣም። ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚነገረው ጥያቄ «ማን?» የሚለው ነው። ለመሆኑ ሴባስቶፖልን ማን ጎተተው?

መመለሻ የሌለው መነሻ

ደብረ ታቦርን በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ከተማ ያደረጓት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ራስ ዓሊም መናገሻቸው ይችው ከተማ ነበረች። ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ነግሠው አገሩን ካስገበሩ በኋላ እርሳቸውም ደብረ ታቦርን ዋና ሰፈራቸው አደረጓት። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ግን የሰበሰቡት አገር ተመልሶ ተበተነ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ያዙ። ላስታን ዋግሹም ጎበዜ፣ ጎጃምን ተድላ ጓሉ ያዙት። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር በራሳቸው በንጉሡ ትእዛዝ ተዘረፈች፤ ተቃጠለችም። በመጨረሻ የቀራቸው በጌምድርና መቅደላ ብቻ ሆኑ። የበጌምድርም ገበሬ ቢሆን እህሉን እየቀበረ፣ የሠራዊቱን ዝርፊያ እየተከላከለ ሸፍቶ ነበር።

እንግዲህ ጉዞው የተጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። ንጉሡ ደብረ ታቦርን በእሳት አጋይተው ወጡ። ይህን ነገር የታሪክ መጻሕፍት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። በእኔ ግምት ግን የጉዞው ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ሰው መንገድ ሲጀምር ከኋላው ቤት አለው፤ ቢከፋው ይመለሳል። ከደብረ ታቦር የወጣው ሕዝብ ግን ዞሮ ያየው ጢስ ነው። ከፊት ያለው አገር የሸፈተ፣ ከኋላ ያለው የተቃጠለ። የንጉሡ ግዛት ያን ጊዜ የካርታ ወሰን አልነበረውም። ሰፈሩ የደረሰበት ሁሉ ድንበር ነበር፤ ሰፈሩ ሲነቃነቅ ድንበሩም አብሮ ይነቃነቃል።

በሰፈሩ ውስጥ እነማን ነበሩ?

በቅድሚያ የጋፋት ሰዎች አሉ። ጋፋት ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለች ኮረብታማ መንደር ስትሆን፣ የንጉሡ የመሣሪያ ፋብሪካ የነበረው እዚያ ነው። አብዛኞቹ ሠራተኞች በኢየሩሳሌሙ ጳጳስ በሳሙኤል ጎባት አማካይነት ከባዝል አጠገብ ካለው የቅድስት ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የመጡ ነበሩ። ሐሳባቸው በእጅ ሥራቸው እያደሩ ወንጌል ማስተማር ነበር። ንጉሡ ግን ያዘዙት መድፍ ነው። መድፍ ማቅለጥ አናውቅም ቢሉም አልተለቀቁም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሽፎ፣ ምድጃው ፈርሶ፣ እንደገና ተሠርቶ ነው በመጨረሻ የተሳካው። ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል የተባለው በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1854 እና በ1855 በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በቱርክ ጦር ተከቦ ዓለምን ሲያነጋግር በነበረው የሩስያ ወደብ ስም ነው።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል ስዊሱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር አለ። ሚስቱ የዮሐንስ ቤል ልጅ ነች። ቤል ማለት ሊቀ መኳስ ተብሎ በንጉሡ አጠገብ የኖረውና በ1853 ዓ.ም. ለንጉሡ ሲል በጦር ሜዳ የሞተው እንግሊዛዊ ነው። ከክራኮቭ የመጣ፣ ከአይሁድነት ወደ ክርስትና የገባ ሞሪትዝ ሆል የተባለ ፖላንዳዊም አለ። የሆል ሚስት የጀርመናዊው ሠዓሊ የኤዱዋርድ ዛንደርና የአንዲት ኢትዮጵያዊት ልጅ ነች። ዛንደር ራሱ ደግሞ ቀድሞ የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ሰው የነበረ ነው። ቡርጎ የተባለ ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪም አለ። ልጆቻቸው አማርኛ እየተናገሩ በበጌምድር አፈር ላይ ያደጉ ናቸው። እነዚህን ሰዎች «ፈረንጆች» ብለን በአንድ ቃል ብንሰበስባቸውም እርስ በርሳቸው በቋንቋም፣ በሃይማኖትም፣ በሙያም የማይገናኙ ነበሩ። ያገናኛቸው የንጉሡ ትእዛዝ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚገርመኝ ዮሐንስ ማርቲን ፍላድ ነው። ይህ ጀርመናዊ ሚስዮናዊ በ1858 ዓ.ም. የንጉሡን ደብዳቤ ይዞ ወደ እንግሊዝ ተላከ። ሚስቱና ልጆቹ ግን መያዣ ሆነው ቀሩ። ፍላድ ለንደን ደርሶ፣ ነጻ ሰው ሆኖ፣ በ1859 ዓ.ም. በገዛ እግሩ ተመልሶ መጣ። ያመጣውም መልስ የእንግሊዝ መንግሥት እስረኞቹ ካልተፈቱ ወዳጅነት እንደማይኖር የሚገልጽ ነበር። ወደ እስር ቤት ተመልሶ የገባ መልእክተኛ ቢኖር እርሱ ነው። እንደ ቁራኛ ሥርዓት ያለ ነገር ይህን ሰው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በማይታይ ሰንሰለት አስሮት ነበር ማለት ይቻላል።

ወደ ወታደሩ ስንመጣ፣ በደጉ ጊዜ በብዙ ዐሥር ሺህ የሚቆጠረው ጦር በክዳት ተመናምኖ ጥቂት ሺህ ብቻ ቀርቶ ነበር። የከዳ ሰው ቢያዝ የሚጠብቀው እጅና እግሩን መቆረጥ ወይም ሞት ነው። እርሱ ቢያመልጥ ቅጣቱ ለዘመዱ ይተርፋል። ስለዚህ ወታደሩም በጎኑ ላለው ወታደር ቁራኛ ነበር። ከወታደሩ ቁጥር እጅግ የሚበልጠው ደግሞ ጓዙ ነው፤ ወፍጮ ፈጪዋ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ገንቦ ተሸካሚዋ፣ ሕፃኑ፣ ሽማግሌው፣ ስንቅ አሸካሚው። ከእነርሱም ጋር በሰንሰለት የታሰሩ ኢትዮጵያውያን እስረኞች አሉ። በእነዚህ ሁሉ ላይ ከንጉሡ ጋር እስከ መጨረሻው የዘለቁ እንደ ፊታውራሪ ገብርዬና ራስ እንግዳ ያሉ ጥቂት ታማኞች ይጨመራሉ።

መንገዱ

ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በአየር መስመር ቢለካ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠንካራ እግረኛ በዐሥር ቀን ውስጥ ይጨርሰዋል። ይህ ሰፈር ግን አምስት ወር ተኩል ገደማ ፈጀበት። በአማካይ ሲሰላ በቀን አንድ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለመድፍ ጋሪ የሚሆን መንገድ አልነበረም። ሰፈሩ የሚሄድበትን መንገድ ራሱ እየሠራ ነበር የሚሄደው።

በጉና ሥር አልፎ፣ በጨጨሆ አድርጎ፣ ወደ ዋድላ ደጋ ወጥቶ ቤተ ሖር ደረሰ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የዥጣ ሸለቆ ነው። ያን አገር የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። ከሜዳው ጫፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲያዩት ወንዙ ክር መስሎ ይታያል፤ ጥልቀቱ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ይጠጋል። ወርዶ፣ ተሻግሮ፣ ወደ ደላንታ መውጣት ነው። ከደላንታ በኋላ ደግሞ የበሽሎ ሸለቆ በተመሳሳይ ጥልቀት ይጠብቃል። ድንጋዩ በባሩድ ይፈርሳል፤ የፈረሰው በእጅ ይለቀማል፤ ጎርፍ የቦረቦረው ይሞላል። ሴባስቶፖልን ብቻ ለመጎተት 500 ያህል ሰው ያስፈልግ ነበር። ዳገቱ ላይ ከፊት ይጎተታል፤ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ከኋላ ወጥሮ መያዝ ነው። ጠፍሩ ቢበጠስ ከፊት ያለው ሰው ሁሉ ያልቅ ነበር።

በዚህ ሥራ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ቆመው አዛዥ ብቻ አልነበሩም። በመቅደላ ታስረው የነበሩት የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኞች፣ ሆርሙዝድ ራሳምና ዶክተር ሄንሪ ብላንክ፣ በኋላ ባሳተሟቸው መጻሕፍት ንጉሡ ከጠዋት እስከ ማታ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ሲያነሡና አፈር ሲደለድሉ እንደነበር መስክረዋል። ይህን የጻፉት ያሰሯቸውን ሰው ለማወደስ አልነበረምና ምስክርነቱ ክብደት አለው። እንዲያው ለአፍታ ቆም ብለን እናስበው። በአንድ ዳገት ላይ የሰሎሞን ዘር ነኝ የሚል ንጉሥ፣ የስዊስ አናጢ፣ የበጌምድር ወታደርና ለማምለጥ ጨለማ የሚጠብቅ ሰው አንድ ድንጋይ ይገፋሉ። ላባቸው አንድ ነው። ሐሳባቸው ግን አራት ነው።

የፊልሙና የእኛ ጉዞ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። በፊልሙ አደጋው የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ከማያውቁት ሕዝብ። ጠላት በመጣ ቁጥር በሠረገላው ውስጥ ያሉት ይቀራረባሉ። በእኛ ጉዞ በየጥጋቱ አድፍጦ የሚጠብቀው ጠላት ግን የጎታቹ ወንድም ነበር። ስንቅ ፍለጋ የሚወጣው ወታደር የሚዘርፈው የአጎቱን ጎተራ ሊሆን ይችላል። ዋግሹም ጎበዜ ብዙ ጦር ይዘው በአካባቢው ቢኖሩም ወሳኝ ጦርነት አልገጠሙም። ዋናው አደጋ በሰፈሩ ውስጥ ነበር፤ ረኃቡ፣ ጥርጣሬውና የንጉሡ ቁጣ። ሰዎቹን ያሰራቸውም ያው ነው። ስለዚህ መከራ ሰውን ያፋቅራል የሚለው የፊልም ትምህርት በዚህ መንገድ ላይ አልሠራም። ጠፍሩ እጆቻቸውን አገናኘ እንጂ ልባቸውን አላገናኘም።

ንጉሡስ ቢሆኑ? መድፉን ትተው በፈጣን ፈረስ ቢሄዱ ገና በጥቅምት መቅደላ በደረሱ ነበር። አልተዉትም። የመድፉ ጌታ ይባሉ እንጂ በመጨረሻ መድፉ ነው እርሳቸውን የጎተተው። እርሳቸውም ቁራኛ ነበሩ።

በሠሩት መንገድ ጠላት መጣ

ይህ ሁሉ ሲሆን ከባሕር በኩል ሌላ ጉዞ እየተካሄደ ነበር። ጄኔራል ሮበርት ናፒየር 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ ከዙላ ተነሥቶ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ይገሰግሳል። ያም ጉዞ የማይተዋወቁ ሰዎች ጉዞ ነበር፤ እንግሊዛዊው፣ ፑንጃቢው፣ ቦምቤይ ላይ ተመልምሎ የመጣው ዝሆን ነጂ። ቴዎድሮስ መጋቢት ከተጋመሰ በኋላ መቅደላ ሥር ሰላምጌ ሲደርሱ የቀደሙት በሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ነበር።

የሚያሳዝነው ነገር የሚከተለው ነው። የእንግሊዝ ጦር ዋድላ ላይ ሲደርስ የተዘጋጀ መንገድ አገኘ። የዥጣን ገደል የወረደው፣ ወደ ደላንታም የወጣው የቴዎድሮስ ሰዎች በጥፍራቸው በጫሩት መንገድ ነው። ከጦሩ ጋር የመጣው የጂኦግራፊ ሰው ክሌመንትስ ማርካም የመንገዱን ሥራ አይቶ በአድናቆት ጽፎለታል። ያ ሁሉ ሰው ስድስት ወር ሊሞላ ምንም ያህል ሳይቀረው የለፋው ለራሱ መጥፊያ የሚሆነውን ጎዳና ለመሥራት ሆነ።

ቀሪውን አንባቢ ስለሚያውቀው አላስረዝምም። ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም. ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞች በንጉሡ ትእዛዝ ተገድለው ከገደል ተወረወሩ። በማግሥቱ፣ በዕለተ ስቅለት፣ አሮጌ ሜዳ ላይ በተደረገው ጦርነት ፊታውራሪ ገብርዬና 700 ያህል ወታደሮች ወደቁ። ያን ያህል የተለፋባቸው መድፎች ግን የጠላትን ጦር አልገቱም፤ ከትልልቆቹ አንዱ ገና ሲተኮስ ፈነዳ። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ናፒየር ሰፈር የተላኩትን ሦስት መልእክተኞች ልብ ይሏል፤ መቶ አለቃ ፕሪዶ፣ ሚስዮናዊው ፍላድና የንጉሡ አማች ደጃዝማች አለሜ። እስረኛ፣ መያዣና አማች ተቆራኝተው ለአንድ ሰው ምሕረት ሊለምኑ ሄዱ። ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ራሳቸውን ሠው፤ ራስ እንግዳም በዚያው ዕለት ሞቱ።

ቋጠሮው ሲፈታ

የቁራኛ ትክክለኛ ጠባይ የሚታየው ሲፈታ ነው። የአውሮፓ ሰዎች ከነሚስቶቻቸው፣ ከነልጆቻቸውና ከነአገልጋዮቻቸው በስም ተመዝግበው፣ ተቆጥረው፣ በጦሩ ታጅበው ወደ ባሕር ሄዱ። ዋልድማየር ሊባኖስ ገብቶ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት፣ በኋላም ቤይሩት አጠገብ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ሆል ጃፋ ተቀመጠ። በዚያው በ1868 እ.ኤ.አ. የተወለደችው ልጁ በአምባው ስም ማግዳሌና ተባለች፤ የታወቀው የእንግሊዝ ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የልጅ ልጇ ነው። ራሳም ጻፈ፤ ብላንክ ጻፈ፤ ፍላድ ጻፈ፤ ዋልድማየር ጻፈ።

የቀሩትስ? በብዙ ሺህ የሚቆጠረው የሰፈሩ ሕዝብ ትጥቁን ፈትቶ፣ ከአምባው ወርዶ፣ በየመንገዱ እየተዘረፈ ተበተነ። ከእኛ ወገን የደብተራ ዘነብ ዜና መዋዕል ጉዞው ሳይደርስ ያቆማል። አለቃ ወልደ ማርያም እስከ ንጉሡ ሞት ድረስ ጽፈውልናል፤ ባይጽፉልን ኖሮ በገዛ ታሪካችን የባዕድ እስረኞች ተማሪዎች ብቻ ሆነን በቀረን ነበር። ነገር ግን የዜና መዋዕል ዓይን በንጉሡ ላይ ነው። ከ500 ጎታቾች የአንዱን እንኳ ስም ጥራ ብባል አልችልም። ከደብረ ታቦር ሕፃን አዝላ ወጥታ ደላንታ ላይ ብቻዋን የደረሰች እናት ብትኖር ማንም አልጻፈላትም።

ዛሬ ሴባስቶፖል መቅደላ ላይ አለ። አምሳያው አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ከወረታ በደብረ ታቦርና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚገባውን መንገድ ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል፤ መሐንዲሶቹ ቻይናዎች ስለነበሩ። በዚያም ቢሆን ድንጋይ የፈለጠው የአገሬው ሰው በስሙ ውስጥ የለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ጋሸናንና ነፋስ መውጫን ሲያዳርስ በዚሁ መስመር ብዙ ሕዝብ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ወደ ደብረ ታቦር፣ ተሰደደ። የማይተዋወቁ ሰዎች በትምህርት ቤቶች ወለል ላይ ጎን ለጎን ተኙ። አንዱ የሌላውን ልጅ አቀፈ፤ አንዱ የሌላውን ዕቃ ጠበቀ። የእነዚህ ተፈናቃዮች ቃል ገና ትኩስ ነው፤ የሚሰማው ካገኘ ሊጻፍ ይችላል። የ1860ዎቹን ጎታቾች ልንጠይቃቸው አንችልም፤ እነዚህን ግን እንችላለን።

ስለ መድፉ ክብደት ብዙ ተጽፏል። ወደፊት የሚጻፈው ስለ ትከሻው ቢሆን ደስ ይለኛል። ደብረ ታቦር፣ ነፋስ መውጫ፣ ዋድላ፣ ደላንታ ዘመድ ያለው አንባቢ ካለ አንድ ሥራ ልስጠው። ለሽማግሌዎቹ ስለ ንጉሡ ሳይሆን ስለ ቅድመ አያቶቻቸው ያንሣላቸው፤ በዚያ ዓመት የት እንደነበሩ፣ ከማን ጋር እንደሄዱ፣ በየት በኩል እንደተመለሱ ይጠይቃቸው። የሚነግሩትንም ስም ሳይረሳው ይጻፈው።